በሽታውን ማን አስደበቀው?

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ምሳሌ እውነት ነው። እኔም አስተማሪ በነበርሁበት ዘመን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ብዙ ልጆች አስተምሬበታለሁ። ነገር ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያለፈውን ሕይወቴን ባሰብሁት ቁጥር፥ ምሳሌውን በግማሹ ብቻ ሳስተምር እንደ ኖርሁ ተረዳሁ። ምሳሌው የሚገሥጸው በሽተኛውን ነው። «ለምን ደበቅህ?» ይለዋል እንጂ «ማን አስደበቀህ?» ብሎ አይጠይቀውም። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ አብረን እንድንመረምረው የምፈልገው ይህን ያልተጠየቀውን ጥያቄ ነው። ነገሩ በአገራችን በግልጥ የማይነገር ስለ ሆነ፥ ገና ሲጀመር መጽሐፉን እንዳታጥፈው እለምንሃለሁ።

ፊደል የቆጠርሁት በሻሸመኔ አጠገብ በነበረ የሚስዮን ተማሪ ቤት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረ። በሒሳብ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ይህ ልጅ የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ በሚያቃጥልበት በመጋቢት ወር እንኳ ረጅም እጅጌ ያለውን ሹራቡን አያወልቅም። እኛም ሌላ ልብስ የሌለው መስሎን እናሾፍበት ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነበር፤ በክንዱ ላይ ነጣ ያለ፥ ቢነኩት የማይሰማው ምልክት ወጥቶበት ኖሯል። በሻሸመኔ የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት ነበረ፤ ዳፕሶን የሚባለው ክኒንም በዚያ ይገኝ ነበር። ልጁ ግን ወደዚያ በር ቢገባ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወላጆቹ ከጎረቤት ጋር እሳት እንደማይጫጫሩ፥ እኅቱም ባል እንደማታገኝ ያውቃል። ሀንሰን የሚባል የኖርዌይ ሐኪም የደዌውን ተሐዋሲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ቢያገኘውም፥ በእኛ ሠፈር ሰው ሁሉ በሽታው በዘር የሚወርድ ይመስለው ነበርና።

ስለዚህ ልጁ ደበቀ። አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ጣቶቹ ሲቃጠሉ ሳይሰማው ቀረ። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ከቀኝ እጁም ሦስት ጣቶች ሄዱ። ጣቶቹን የወሰደበት ደዌው ነው ብንል እውነቱ ግማሽ ነው። ግማሹን የወሰድነው እኛ ነን፤ ሹራቡን ያስለበስነው እኛ ነንና።

ካደግሁ በኋላ አስተማሪ ሆኜ ወደ አዳማ መጣሁ፤ ያን ጊዜ ስሟ ናዝሬት ነበረ። ይህች ከተማ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ አሰብና ወደ ጅቡቲ የሚወርድ፥ ከዚያም ጭኖ የሚመለስ መኪና ሁሉ ያድርባት ነበር። ኤች. አይ. ቪ. በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1984፥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የተመዘገቡትም በ1986 ነው። (የኢትዮጵያ ዘመን ለመሆኑ ዓ.ም. ካልጻፍሁበት በቀር፥ ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1980ዎቹ መጨረሻ በየመንገዱ ዳር ባሉ ከተሞች የመጠጥ ቤት ሴቶችና የረጅም ጉዞ ሾፌሮች ደም በተመረመረ ጊዜ፥ ቫይረሱ ብዙዎቹን እንደ ያዘ ታወቀ። ወዲያው ሕዝቡ ስም አወጣለት፤ «የሾፌርና የሴተኛ አዳሪ በሽታ» ተባለ።

በአሜሪካም እንደዚሁ ሆኗል። በሰኔ 1981 ስለዚህ በሽታ መጀመሪያ የተጻፈው የሕክምና ወሬ የሚናገረው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስለ ታመሙ አምስት ወንዶች ነበረ፤ እነርሱም ወንድን የሚወዱ ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ በዚያ አገር «የእነርሱ በሽታ ነው» ተባለ። እንግዲህ ልብ አድርግ፤ ሎስ አንጀለስ አንዱን ወገን ስትጠቁም ናዝሬት ሌላውን ትጠቁም ነበር። ቫይረሱ ግን ያው አንዱ ነው፤ ሥራውም ያው ነው። የተለያየው የጠቋሚው ጣት ብቻ ነበር። በ1987 የዓለም የጤና ድርጅትን የኤድስ ፕሮግራም ይመሩ የነበሩት ዶክተር ጆናታን ማን በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው ወረርሽኙ ሦስት መሆኑን አስረዱ። አንደኛው ቫይረሱ ነው፤ ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ የሚከተለው ሕመም ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰው በሰው ላይ የሚያመጣው ፍርሃት፥ መገለልና ጥላቻ ነው።

ይህን ሦስተኛውን ወረርሽኝ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በእድር ድንኳን ተቀምጠን «ሳንባ ነው የገደለው»፥ «ምች መትቶት ነው» እንባባል ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ማንም አይናገርም። ይህ ዝምታ የተሰበረው በ1990 ዓ.ም. አካባቢ እንደ መቅድምና እንደ ተስፋ ጎህ ያሉ፥ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ያቋቋሟቸው ማኅበራት ተነሥተው «እኛ ነን፤ እዩን» ባሉ ጊዜ ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መታደል ሲጀምር ደግሞ የሚመረመረው ሰው በዛ፥ የሚቀበረውም አነሰ። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ቫይረሱ የተገኘባቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ከመቶ አንድ የማይሞሉ ነበሩ፤ በከተማ ግን ወደ ሦስት ይጠጉ ነበር። ሰው ስሙን ሳይፈራ ወደ ሐኪም መሄድ ሲችል ምን ያህል ሕይወት እንደሚተርፍ አገራችን በራሷ ላይ አይታዋለች።

ሆኖም ከዚህ ብርሃን ውጭ የቀሩ ሰዎች አሉ። እነርሱም ወንድ ሆነው ወንድን የሚወዱ፥ ወይም ሴትንም ወንድንም የሚወዱ ሰዎች ናቸው። በተለምዶ የሚጠሩበት ስም ከሰዶም ከተማ የተወሰደ ነው፤ በአፋችን ውስጥም ስድብ ሆኖ ስለ ቀረ እኔ በዚህ ጽሑፍ አልጠራቸውበትም። እነርሱ እርስ በርሳቸው «ዜጋ» እንደሚባባሉ ተጽፎ አንብቤአለሁ። ይህን ቃል ባየሁ ጊዜ ብዙ አሰብሁ። ሰው ሌላ ስም ሁሉ ሲነፈገው፥ በምሥጢር የመረጠው ስም «የአገሩ ልጅ» የሚል ሆነ ማለት ነውና።

አሁን ራሴን ወደምከስበት ነገር ልምጣ። ባለ ታሪኩ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ እርሱን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ግን ትቻለሁ።

ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስኳርና ቡና ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንዲቱ ሥራ ይዞ ነበር። ቡናው ተፈልቶ፥ ባለቤቴ ወደ ጓዳ በገባች ጊዜ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ጋሼ፥ አንድ ጓደኛ አለኝ። ሴት አይወድም፤ ከወንድ ጋር ነው ያለው። አሁን ሰውነቱ እየከሳ ነው። ምን ብዬ ልምከረው?» አለኝ።

ስለ መክሳቱ አንድም ነገር አልጠየቅሁትም። ስለ ሰዶም ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ሰበክሁለት። በመጨረሻም «ልጄ፥ እንዲህ ያለውን ሰው ጓደኛዬ አትበል፤ ራቀው» አልሁት። እርሱም አቀርቅሮ «እሺ ጋሼ» አለና ሁለተኛውን ስኒ ሳይጠጣ ተነሣ። እኔም መልካም ምክር እንደ ሰጠ ሰው በዚያ ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። የሰውነት መከላከያ ኃይሉ እጅግ በወደቀ ሰው ዓይን ላይ የሚወጣ በሽታ ነው ያጠፋው። «ጋሼ፥ ያ ጓደኛዬ እኔ ነበርሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ደንግጬ ነበር ብል እዋሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሳልጠረጥር አልቀረሁምና። ጠርጥሬ ሳለሁ እንዳልጠረጠርሁ ሆኜ መስበክ ቀለለኝ እንጂ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የሚያዝነውን ልጅ ከማየት፥ በሩቅ ያለውን «ጓደኛ» መኰነን ይቀላልና።

ለምን ሳይመረመር እንደ ቆየ ሁለት ምክንያት ነገረኝ። አንደኛው አለማወቅ ነው። በየግድግዳው የተለጠፈው ሥዕል፥ በሬዲዮም የሚሰማው ትምህርት ሁሉ ስለ ወንድና ሴት ብቻ ስለ ነበረ፥ በሽታው እርሱን የማይመለከተው መስሎታል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ያለ መከላከያ በሚደረግ በወንዶች መካከል ባለ ግንኙነት ቫይረሱ ይበልጥ በቀላሉ እንደሚተላለፍ ሐኪሞች ያውቃሉ። ሁለተኛው ምክንያት አንድ ቀን ደፍሮ ወደ ሕክምና በሄደ ጊዜ የደረሰበት ነው። እውነቱን ለአንድ ሠራተኛ ቢናገር፥ ሠራተኛው ወጥቶ ጓደኞቹን ጠራና በበሩ ቀዳዳ እየተሣሣቁ ያዩት ጀመር። ደሙን ሳይሰጥ ወጥቶ ሄደ። ሦስተኛውን ምክንያት እርሱ አልነገረኝም፤ እኔ ራሴ ቆጠርሁት። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

እስቲ ይህ መደበቅ በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ኢላን ማየር የሚባሉ ተመራማሪ በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን እንዲህ ያስረዳሉ። ሰው ሁሉ ስለ እንጀራውና ስለ ቤት ኪራዩ ይጨነቃል፤ የተናቀ ወገን ግን በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። የሚደርስበት ግፍ አለ፤ ገና ሳይደርስበትም «ዛሬ ይታወቅብኝ ይሆን?» እያለ ይጠብቃል፤ ንግግሩን፥ አረማመዱን፥ የስልኩን ጥሪ ሁሉ ይጠብቃል። በመጨረሻም የሌሎች ጥላቻ ወደ ውስጡ ገብቶ የራሱ ድምፅ ይሆንና ራሱን ይጠላል። ራሱን የጠላ ሰው ደግሞ ሰውነቱን ለመጠበቅ አይተጋም፤ መጠጥ ያበዛል፥ መድኃኒቱን ይዘላል፥ «ብሞትስ ምን ይቀራል?» ይላል።

ሸክሙ አሳብን ብቻ ሳይሆን ሥጋንም ይነካል። ስቲቭ ኮልና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ቫይረሱ በደማቸው ያለ፥ ወንድን የሚወዱ 80 ወንዶችን ዘጠኝ ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ1996 አሳተሙ። ኃይለኛው መድኃኒት ገና ያልተስፋፋበት ዘመን ነበረ። ማንነታቸውን አጥብቀው የደበቁት በግልጥ ከሚኖሩት ይልቅ በሽታው ፈጥኖ አሸነፋቸው፤ የመደበቁ መጠን በበዛ ቁጥርም የበሽታው ፍጥነት በዛ። ተመራማሪዎቹ በሕክምናና በኑሮ ልማድ ልዩነት የመጣ እንደ ሆነ መርምረው፥ በዚያ ብቻ የሚፈታ ሆኖ አላገኙትም። ያ ረጅም እጅጌ ሹራብ እንግዲህ ገላን ብቻ የሚሸፍን አይደለም።

ፍርሃቱ በሕግ በተጠናከረ ጊዜም ምን እንደሚሆን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች እንማራለን። በሴኔጋል በ2008 መጨረሻ ስለ ኤች. አይ. ቪ. መከላከል የሚሠሩ ዘጠኝ ሰዎች ተይዘው፥ በሚከተለው ወር የስምንት ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው። በይግባኝ የተለቀቁት በሚያዝያ ነው። በዚያ መካከል ግን በሽተኞቹ ከሐኪም ቤት ቀሩ፥ አስተማሪዎቹም ተደበቁ። በናይጄሪያም በ2014 አዲስ ሕግ ከወጣ በኋላ ሕክምና ለመፈለግ የሚፈሩ ወንዶች እንደ በዙ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በአገራችን ነገሩ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፥ አሁን በሥራ ላይ ባለው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 በእሥራት ያስቀጣል። ሐኪም ግን ዳኛ አይደለም። የታመመን ሰው ሲያይ የሚጠየቀው ማከሙን ነው።

አንዳንዶች «ይህ ነገር ከፈረንጅ የመጣ ነው እንጂ በእኛ አገር የለም» ይላሉ። የሌለ ነገር ከሆነ ገና በ1949 ዓ.ም. ሕግ ለምን አስፈለገው? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ጌትነት ታደለም በ2010 እና በ2011 ባሳተሟቸው ጽሑፎች በአዲስ አበባ ስለሚኖሩ እንዲህ ያሉ ወንዶችና ስለ ኤች. አይ. ቪ. አጥንተዋል። «የለም» ስንላቸው አይጠፉም፤ የሚጠፋው ስለ እነርሱ ልናውቅ የሚገባን ነገር ነው። ያለ ሰው እንደሌለ ሲቈጠር ወላጆቹ ሚስት ያጩለታል፤ እርሱም እንዳይታወቅበት ያገባል። የእኔ ተማሪ ሰበብ ፈልጎ ሠርጉን አፈረሰ። ሁሉ ግን እንደ እርሱ ማድረግ አይችልም። እንዲህ ባለው ቤት የባሏን ምሥጢርም ሆነ የራሷን አደጋ የማታውቅ ሴት ትኖራለች። የምናስገድደው ድብቅነት ዋጋውን የሚያስከፍለው ምንም ያልበደለችውንም ሰው ነው።

ሌሎች ደግሞ «ብንራራላቸው ማበረታታት አይሆንም ወይ?» ይላሉ። እኔም እንዲሁ እል ነበር፤ ስለዚህ ጥያቄውን አልንቀውም። መልሴ ይህ ነው፤ ነውር ሰውን ይለውጣል ከተባለ፥ እስከ ዛሬ የሠራውን ያሳየን። የሥጋ ደዌ ያለበትን ሰው ከመንደር ማባረር በሽታውን አንድ ቀን አልቀነሰውም፤ የቀነሰው መድኃኒት ነው። ተማሪዬ ስብከቴን ሰምቶ የሚወደው ነገር አልተለወጠበትም፤ የተለወጠው ዓይኑ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲለወጥ እንደ ጸለየ፥ እንደ ጾመም ነግሮኛል። የዓለም የጤና ድርጅትም ወንድን መውደድን ከበሽታዎች መዝገብ በግንቦት 1990 አውጥቶታል። ስለ ሰዶም የምናነበውም ቢሆን፥ ነቢዩ ሕዝቅኤል የዚያችን ከተማ ኃጢአት ሲቆጥር ትዕቢትን፥ ጥጋብንና ለድኻ እጅ አለመዘርጋትን አስቀድሞ ይጠቅሳል። እኔ ያን ዕለት ጠግቤ ተቀምጬ፥ እጁን ለዘረጋልኝ ልጅ ምን ሰጠሁት?

እዚህ ላይ የምሥራቹን መናገር ይገባኛል። ተማሪዬ ዛሬ ጤነኛ ነው። በቀን አንዲት ክኒን ይውጣል፤ በደሙም ውስጥ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ተዳክሟል። እንዲህ የሆነለት ሰው በፍቅር ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ይህም በ2019 በታተመው የአውሮፓ ጥናት ተረጋግጧል፤ አንዱ ቫይረሱ ያለበት፥ ሌላው የሌለበት 782 ጥንድ ወንዶች ያለ መከላከያ ከ76 ሺህ ጊዜ በላይ ተገናኝተው፥ በመድኃኒት ላይ ካለው ጓደኛ የተላለፈ አንድም አልተገኘም። እንግዲህ መድኃኒቱ አለ፥ ሐኪሙም አለ፥ በአገራችን ዋጋውም ነጻ ነው። የጎደለው ወደዚያ የሚያስገባው በር ነው። በሩን የምንዘጋውም የምንከፍተውም እኛ ነን።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት አንተ ራስህ ያ «ጓደኛ» ትሆን ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ከሁሉ አስቀድመህ ተመርመር፤ በምታውቃት ከተማ ብታፍር ማንም ወደማያውቅህ ከተማ ተሳፈር፤ ነገ አትበል። ምሥጢርህን ለማን እንደምትነግር ራስህ ምረጥ፤ ለሁሉ የመናገር ዕዳ የለብህም። ለአንድ የታመነ ሰው መንገር ግን ሸክምን ያቀላል።

አንተ ያ ካልሆንህ፥ በመጠጥ ቤትም ሆነ በዶርም ውስጥ በእነዚህ ሰዎች ላይ ቀልድ ሲነገር ዝም ብለህ አትሣቅ፤ ከሚሥቁት መካከል አንዱ ሹራቡን የለበሰው ሰው ሊሆን ይችላልና። ሐኪም ወይም ነርስ ለመሆን የምትማር ከሆነም፥ የበሽተኛውን ምሥጢር እንደ ራስህ ገመና ጠብቅ። «ከማን ጋር?» ብለህ ስትጠይቅም ድምፅህ የሐኪም እንጂ የመርማሪ ፖሊስ ድምፅ አይሁን። አንድ ቀን ሰው መጥቶ «አንድ ጓደኛ አለኝ» ቢልህ ደግሞ ከእኔ ተማር። አትስበክበት። «ጓደኛህ ታሟል ወይ? እስቲ አብረን እንሂድ» በለው።

ተማሪዬ ዛሬም በየፋሲካው ይጠይቀኛል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እርሱም «ተዉት ጋሼ» ብሎኛል። ዓይኑ ግን አይመለስም፤ ቡና ስንጠጣ በጠፋው ዓይኑ በኩል ላለመቀመጥ እጠነቀቃለሁ፤ ስኒውን ሲያነሣ እንዳያፈስ። አሁን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፍበት ክፍል የለኝም እንጂ፥ ቢኖረኝ ያን ምሳሌ እንደ ቀድሞው በግማሹ አልጽፈውም ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ካልሁ በኋላ፥ ከሥሩ አንድ መስመር እጨምር ነበር፤ ያስደበቀውም ሰው ከዕዳው ነጻ አይደለም።